የማይበሰብሰው ብርቱካን

መጋቢት 4 ቀን 1977

ሙቀት። ናዝሬት ዛሬ በአቧራ ታፍና ዋለች። የጋሪ ፈረሶቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ ወደ ፎቶ ቤታችን በረንዳ ተጠግተው ነበር።

ጠዋት አንድ ሰው ከሞጆ መጣ። ሰንበታ ይባላል። ከደረት ኪሱ ጉርድ ፎቶ አወጣና «ይቺን አሳድጉልኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሌላ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጉርድ ፎቶ ይዞ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ለምን እንደመጣ ፎቶ ቤት ለሠራ ሰው አይጠፋውም... ለለቅሶ ነው። እናትየው ገና አልሰማችም። መርዶው ሊነገር ሲል ነው ፎቶው የሚያድገው። ስንቷን እናት ቀድሜ አወቅሁባት! ገበያ ላይ አግኝቻት፣ «ልጄ እኮ ሊመጣ ነው» ስትለኝ... ዝም። ጋሼ ወልደአማኑኤል የቀጠሩኝ ዕለት የነገሩኝ ይኸንኑ ነበር። «ሮማን፣ ጨለማ ክፍል ያየሽውን እዚያው ጨለማ ውስጥ ተይው።»

አሳደግኩለት። መልከ መልካም ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ጠባሳ አለችው። በእርሳስ ላጠፋት ብዬ ተውኳት። እናቱ ታውቃታለች።

ከሰዓት ወደ ብርቱካኖቼ። ጋሼ «ሰው የሌለበት ፎቶ» ይሉታል። ጠረጴዛ፣ ዳንቴል፣ ብርጭቆ፣ ፍራፍሬ። ቀለም እቀባዋለሁ፣ ሰዉ ገዝቶ ሳሎኑ ይሰቅለዋል። ግን እውነተኛ ፍራፍሬ በዚህ ሙቀት፣ በዚያ ሁሉ መብራት ስንት ቀን ይቆያል? ስለዚህ እኔ እሠራለሁ። አሮጌ ጋዜጣ መንከር፣ መቀጥቀጥ፣ በዱቄት ሙጫ ማቡካት፣ ማድቦልቦል፣ ማድረቅ፣ መቀባት። እግዜር በዓመት አንዴ የሚያፈራውን እኔ በሳምንት አፈራለሁ።

አብተው ይስቅብኝ ነበር። እውነተኛውን ብርቱካን ከወረቀቶቹ መሃል እደብቅበታለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አሽትቶ ያወጣዋል። «እማዬ፣ አፍንጫን አታታልይም!» አንድ ቀን አታልልሃለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። ባለፈው ግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ አንዷን የወረቀት ብርቱካን አንስቶ ኪሱ ከተተ። እውነተኛውን ውሰድ እንጂ ብለው «እሱ ይበሰብሳል፤ ይቺ አትበሰብስም» አለኝ።

ስድስት ወር ታጠቅ ሠለጠነ። ከዚያ ወደ ሰሜን። ከጥር ወዲህ ደብዳቤ የለም። ፖስታ ነው የሚዘገየው... አይደል?


መጋቢት 7

ነፋሱ ሦስቱን ሰነጠቀብኝ። ጥላ ላይ ማድረቅ እንዳለብኝ እያወቅሁ! የችኮላ ነገር።

ቆዳውን ግን ዛሬ አገኘሁት። የብርቱካን ቆዳ ልስልስ አይደለም፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። እስከ ዛሬ በመርፌ ስወጋ ዓይኔ ሲጠፋ ከረመ። ዛሬ እግሬን ስታጠብ ያችን የእግር መፋቂያ ድንጋይ አየኋት... ሮጥኩ። እርጥቡን ሊጥ ድንጋይዋ ላይ ቀስ አድርጌ አንከባለልኩት። ቁርጥ ብርቱካን! ሻካራነቱ ሳይቀር። አብተው ቢያየው «እንግዲህ አፍንጫዬ ብቻ ቀረችልኝ» ይል ነበር።


መጋቢት 12

ጋሼን ዛሬ ምን ነካቸው?

ከምሳ ስመለስ ፎቶ ቤቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በጠራራ ፀሐይ በር ላይ ተገተርኩ። ሲከፍቱልኝ ዓይናቸው ደም መስሏል። «የፎቶ መድኃኒቱ ሽታ ነው» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያሸቱት የኖሩት መድኃኒት! ተቀመጡ... ተነሱ... መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ሮማን፣ ከዛሬ ጀምሮ ጨለማ ክፍሉን እኔ ልያዘው። አንቺ ፍራፍሬውን ብቻ ሥሪ።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ኧረ ምንም። ትልቅ ትእዛዝ መጥቶ ነው። የቀን መቁጠሪያ። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ነው። ጠረጴዛ ሙሉ ፍራፍሬ ይፈልጋሉ። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ወይን፣ ፓፓያ... ብዙ። በጣም ብዙ።»

የቀን መቁጠሪያ! የእኔ ብርቱካን ዓመቱን ሙሉ በየቢሮው ግድግዳ ላይ! ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ከእጄ መቀበላቸው ግን ቅር አሰኘኝ። በእኔ እጅ የተበላሸ ፎቶ አለ? የለም።


መጋቢት 15

ጎረቤቴ ጉዲቱ ከመልካሳ ፓፓያ አመጣችልኝ፣ እያየሁ እንድሠራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በር ላይ ቆማ ታላግጥብኝ ነበር፤ «የሚበላውን አስቀምጠሽ የማይበላ ትሠሪያለሽ፣ አብደሻል?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ምንም። እጄን ያዘችና ጥፍሬ ውስጥ የደረቀውን ሙጫ ስታይ ቆየች።

«ሮማኔ ኮ... በርቺ እሺ» ብቻ ብላ ወጣች።

ከባሏ ተጣልታ ይሆናል። ነገ እጠይቃታለሁ። አብተውን ወልጄ ስታመም ሁለት ወር ጡቷን ያጠባችው እሷ ናት። እሷ ሲከፋት አላይም ማለት አይሆንልኝም።


መጋቢት 21

ፖስታ ቤት ሄድኩ። የለም።


መጋቢት 26

ወይኑን ከሻማ ሠራሁት። ቀልጦ ሳይረጋ በጣት ማድቦልቦል... ጣቶቼ ተቃጠሉ። ላዩ ላይ ከፋርማሲ የገዛሁትን ግሊሰሪን ነካ ነካ ሳደርግበት ጤዛ ያረፈበት መሰለ። ጤዛው እንኳ የውሸት!

ትእዛዙ ግን አያልቅም። «ይበቃል ጋሼ?» ስላቸው «ጨምሪ»። ቅርጫቱ ሞላ፣ ሳፋው ሞላ፣ ወንበሩ ላይ ሁሉ ብርቱካን ነው። ፎቶው መቼ ነው የሚነሳው? «ከፋሲካ በኋላ።» ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ምን ያስቸኩላል?

ዛሬ ደግሞ አመሰገኑኝ። ጋሼ! ሙሽራ እንኳ አንስተው «አምረሻል» የማይሉ ሰው። «እጅሽ ይባረክ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የጾም ምሳ ከቤታቸው አስመጡልኝ። ሥራ ስለበዛብኝ አዝነውልኝ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሰሜን ሰው እህል አጥቶ እየረገፈ፣ እኔ እዚህ ከዱቄት ሙጫ እሠራለሁ። ለዚያውም በሁዳዴ። ከዛሬ ጀምሮ ከወፍጮ ቤት ጥራጊውን እየለመንኩ ነው የማቦካው። ለሙጫ ያው ነው።


ሚያዝያ 2

ወንድሜ ኃይለየሱስ ከአሰላ መጣ! «ፋሲካን ካንቺ ጋር ልዋል ብዬ ነው እትዬ» አለ። ሚስቱን፣ ልጆቹን ትቶ? «ተጣላችሁ?» ብለው «ኧረ ምን በወጣን» አለ። ታዲያ ስንት ፋሲካ ስለምነው ያልመጣ ሰው...

በዚህ ሙቀት ጥቁር ሙሉ ልብስ ይዞ መጥቷል። ሳቅኩበት። «የአሰላ ብርድ ለምዶብኝ» አለ፤ አልሳቀም።


ሚያዝያ 6

ፋሲካ።

ዶሮው ጣፈጠ። ኃይለየሱስ ግን ሁለቴ ጎርሶ ተወው። ጉዲቱ ከነባሏ መጣች። እንዳልተጣሉ አየሁ። ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ስከተላት ዓይኗን ትጠርጋለች። «ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ። የምን ሽንኩርት? ወጡ ከወጣ ስንት ሰዓቱ!

ለጨዋታ ብዬ አንድ የወረቀት ብርቱካን ሳህን ላይ አድርጌ ለኃይለየሱስ ሰጠሁት። «በል ላጠው።» ያዘው። አገላበጠው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ብቻዬን ሳቅኩ።

አብተው የትም ቢሆን ዛሬ ሥጋ ደርሶት ይሆን?


ሚያዝያ 11

መጻፍ አለብኝ። የማወራው ሰው የለኝም።

ለሙዙ ጫፍ ጥቁር ወረቀት ፈለግኩ፣ የፎቶ ወረቀት የሚጠቀለልበትን። ጋሼ ለምሳ ወጥተዋል። ቁልፉን የጨለማ ክፍሉ በር ላይ ረስተውታል። ገባሁ። መሳቢያውን ሳብኩ። አንድ ትልቅ ፎቶ በጋዜጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ያየሁት ሥራውን ነው። ግራጫ ነው። ጥቁሩ አልጠቆረም፣ ቸኩለው ነው ያወጡት አልኩ። ትከሻው ላይ የሆነ ነገር በቀለም ሊያጠፉ ሞክረው እድፍ አስመስለውታል። በልቤ እየተቸሁ ነበር፣ እግዚኦ! ከዚያ በኋላ ነው ፊቱን ያየሁት።

አብተው።

የሄደ ዕለት የተነሳነው ፎቶ ነው። እሱ ተቀምጦ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ እጄ ትከሻው ላይ። እኔን ቆርጠውኛል። ጣቶቼ ግን ትከሻው ላይ ቀርተዋል። ያ እድፍ የእኔ ጣቶች ናቸው።

በዚህ ቤት ማንም የደህና ሰው ፎቶ ደብቆ አያሳድግም። ከእኔ የበለጠ ይህን ማን ያውቃል? ቀይ ዓይናቸው... ቁልፉ... ጉዲቱ... የኃይለየሱስ ጥቁር ልብስ... ሁሉም ባንዴ ገባኝ። የቀን መቁጠሪያም የለም። መሥሪያ ቤትም የለም። ከጨለማ ክፍሉ እንድርቅ፣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ፣ ያን ሁሉ ብርቱካን እኔው ላይ ከመሩት። እኔ ደግሞ ጎበዝ፣ ስሠራላቸው ከረምኩ። ልጄ ሞቶ ስፎክር ከረምኩ።

ያን ጥቁር ወረቀት አፌ ላይ አፍኜ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄን። ልጄን። አንድ ልጄን።

ከዚያ ፎቶውን ጋዜጣውን አልብሼ መለስኩት። ለምን አልጮህኩም? አላውቅም... አይ፣ አውቃለሁ። ጉዲቱ ያጠባችውን ልጅ ሳታለቅስለት አንድ ወር ሙሉ በር ለበር ሐዘኗን ደብቃ ከረመች። ጋሼ ውሸት የማያውቁ ሰው ዋሹልኝ። ፋሲካ ይለፍላት፣ ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍላት፣ ወንድሟ ይድረስላት እያሉ ተሸከሙልኝ። ሰኞ ጠዋት ይሆናል። እኔ ብሆንም ሰኞ ነበር የማደርገው።

ደግሞም... እስኪነግሩኝ ድረስ አልሞተም። ሦስት ቀን አለኝ።


ሚያዝያ 12

ቁልፉን ዛሬም በሩ ላይ ረሱት። ሰው ልቡ ሲከብደው ይረሳል። «ለጉዳይ ደረስ ብዬ ልምጣ» ብለው ወጡ። ጉዳዩ የዕድሩ ድንኳን መሆኑን አውቃለሁ። ገባሁ። ኔጋቲቩን ፈልጌ አገኘሁት።

ያ ግራጫ ፎቶ የኔ ልጅ ለቅሶ ላይ አይወጣም። ለማንም እናት ልጅ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም።

ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ ነጭ ነው። ትጠብቂያለሽ። መጀመሪያ ፀጉሩ መጣ። ስወልደውም እንዲሁ ነበር፤ አዋላጇ «ፀጉራም ነው!» ብላ ጮኸች፣ ፊቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ቅንድቡ... ያ ሊስቅ ሲል የሚያደርገው ከንፈር... ሁሉ ነገር በቀይ መብራት እየጠራ መጣ። 

ጣቶቼን አላጠፋኋቸውም። ይታዩ።

አጥቤ፣ አድርቄ፣ በዚያው ጋዜጣ ሸፍኜ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩ። የጋሼን ወስጄ ቅርጫቱ ውስጥ ከብርቱካኖቹ ሥር ከተትኩት። ሲመለሱ ሙዝ ስቀባ ነበር። «በርቺ ሮማን» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ።


ሚያዝያ 13

ዳግማይ ትንሣኤ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰላም ያለኝ ሰው ሁሉ ዓይኔን አያይም።

ከጉዲቱ ግቢ የድንኳን እንጨት ተደግፎ አየሁ። አላየሁም ብዬ አለፍኩ። ቤቴን ጠረግኩ፤ ሰው ይበዛል። ውሃ ሞላሁ። ፀጉሬን ታጠብኩ። ኃይለየሱስ «ምን ያደክምሻል እትዬ?» አለኝ። «ቆሽሾ ነው» አልኩት። ጥቁር ልብሱን ከሻንጣ አውጥቶ ሲያራግፍ ስገባበት ደነገጠ፤ «አሰላ ልትመለስ ነው እንዴ?» ብዬ አዳንኩት። እሱም ያዳነኝ መስሎታል።

ዛሬ በሩን አልቀረቅርም። ሲመጡ ማንኳኳት አይክበዳቸው።


ሚያዝያ 25

ለቅሶው አለፈ። ሰው የቀብር ያህል መጣ፣ ቀብር ሳይኖር።

ሰኞ ሲነጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጋሼ ከፊት። «ሮማን... አብተው...» እኔ ዝግጁ ነኝ ብዬ ነበር። ሰው ለዚህ አይዘጋጅም። ሦስት ቀን የያዝኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። ጉዲቱ ከሁሉ በላይ ጮኸች፤ በኦሮምኛ «ኢልማ ኮ! ኢልማ ኮ!» እያለች ደረቷን ደቃች። አዎ ልጇ ነው፣ ጡቷን ጠብቷል። መሬት ላይ ተቃቅፈን ተንከባለልን።

ፎቶውን ኃይለየሱስ ይዞት ወጣ። ጋሼ ድንኳኑ መሃል ቆመው ሲያለቅሱ ቀና አሉ። አዩት። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ። ትከሻው ላይ ጣቶች። ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አየኋቸው። አዩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ያን ያህል ሲያለቅሱ አላየሁም፤ ለአብተው ነው ወይስ ለኔ እንጃ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ከቢሾፍቱ በክራንች መጣ። ኢተፋ ይባላል። አብሮት ነበረ። መጋቢት ላይ ቆስሎ ሲመለስ ወደ ፎቶ ቤቱ መጥቶ ለጋሼ የነገራቸው እሱ ነው። እኔ ምሳ ሄጄ! አጠገቤ ተቀመጠ፤ ምን እንደሚለኝ ጨነቀው።

«እማማ፣ ያቺን ብርቱካን እርስዎ ነዎት የሠሩዋት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አዲስ የመጣ ሁሉ ይነክሳት ነበር። አብተው እንካ ይላል፣ ልጁ ይነክሳል፣ እኛ እንስቃለን። እኔም ነክሻታለሁ።»

«ያሸተታት አልነበረም?»

«ርቦን ነበር እማማ። ማን ያሸታል!»

አታለልኩ ማለት ነው። እሱን አይደለም እንጂ።

«አሁን የት ናት?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «ኪሱ ውስጥ ነበረች። አላወጣናትም።»


ግንቦት 16

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጥቁር ለብሼ፤ ለጨለማ ክፍል ይስማማል።

ጋሼ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። «ያ የቀን መቁጠሪያ ነገር...» ብለው ጀመሩ። «አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «ፍራፍሬውን ላስጥለው?» አሉ። ለምን ይጣላል? የተሠራ ነገር ነው።

ጠረጴዛ ዘረጋን፣ ዳንቴል አለበስን። ሁሉንም ደረደርኩ። ጉዲቱ የሰጠችኝን አንድ እውነተኛ ብርቱካን መሃል ደበቅኩ። ጋሼ አነሱት። ሰው የሌለበት ፎቶ። ሳሳድገው ፈለግኩ፣ የቱ እንደሆነ እኔም ራሴ ጠፋኝ። ፎቶ አይሸትም። ከዚያ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አሽትቼ አወጣሁት። እንዲህ ነበር ለካ የሚያደርገው። ልጬ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለጋሼ ሰጠኋቸው። በላን።

ከሰዓት አንዲት ሴት መጣች። ጉርድ ፎቶ። ድምፅ ዝቅ። ጋሼ ሊነሱ ሲሉ «እኔ ልሥራው» አልኩ። ከዚህ በፊት ጠይቄ አላውቅም፣ ዛሬ ጠየቅኩ።

«እናት አለችው?»

«አለች። ገና አልሰማችም።»

«እስከዚያ እጇን ሥራ አታስፈቱት» አልኳት። ግራ ገባት። ትረዳኛለች፣ ወይ አትረዳኝም።

ማምሻውን ሳይታሰብ ዝናብ ጣለ። የቆርቆሮው ጩኸት አያሰማም። ያቺን የአብተውን ብርቱካን አሰብኩ። ከጋዜጣ ነው የሠራኋት። ከላይ ቫርኒሽ የቀባኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለፎቶ ናት፣ ምን ያደርግላታል ብዬ። ሰሜን ክረምቱ እንዴት ነው? አትበሰብስም ብሎኝ ነበር...

ዛሬ ያደረቅኳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባኋቸው።